የኮምፒዩተር ጨዋታ ወደ ሊኑክስ የተሻገረበት ታሪክ

በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ



በዚህ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መጽሔት ላይ ጓደኞቼ ስለ ዐድዋ ድል፣ ስለ አክሱም ሐውልቶችና ስለ ምድር ባቡር ሲጽፉ እኔ ስለ ኮምፒዩተር ጨዋታ ለመጻፍ መነሣቴ አንዳንዶቻችሁን ሳያስቅ አይቀርም። «ጨዋታ ደግሞ ምን ታሪክ አለው?» የሚል ጥያቄም ይነሣ ይሆናል። እኔ ግን ይህን ርእስ የመረጥሁት ለቀልድ አይደለም። ምክንያቱን እንደሚከተለው አስረዳለሁ።

ባለፈው ዓመት የኮምፒዩተር ክበባችን ከማርጀታቸው የተነሣ ዊንዶውስን መሸከም ያቃታቸውን ኮምፒዩተሮች ሰብስቦ ሊኑክስ የሚባለውን ነጻ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ጫነባቸው። እነዚያ ለመጣል የተዘጋጁ ዕቃዎች እንደገና ነፍስ ዘሩ። በማግሥቱ አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ወደ ክፍሉ ገብቶ ግራና ቀኝ ተመለከተና «ለመሆኑ ጌም ይሠራበታል?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም የማውቀው ትንሽ ስለ ነበረ «ብዙም አይሠራበትም» አልሁት። ልጁ አንድ ቃል ሳይጨምር ፊቱን አዙሮ ሄደ።

ይህ ነገር በጣም አሳሰበኝ። ሰው በነጻ የተሰጠውን፣ ሊመረምረውና ሊማርበት የሚችለውን መሣሪያ ትቶ የሚሄደው በአንድ ጨዋታ ምክንያት ከሆነ፣ ጨዋታ እንደምናስበው ትንሽ ነገር አይደለም ማለት ነው። ስለዚህ የነገሩን ታሪክ ከሥሩ ለመመርመር ተነሣሁ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

የማሻገር ትርጉም

ኦፐሬቲንግ ሲስተም ማለት የኮምፒዩተሩን አካላት ሁሉ የሚያዝ፣ ሌሎች ፕሮግራሞችም በእርሱ ላይ ቆመው የሚሠሩበት ዋና ፕሮግራም ነው። ጨዋታ ሥዕል ሲያሳይ፣ ድምፅ ሲያሰማ፣ የተጫዋቹንም ትእዛዝ ሲቀበል ይህን ሁሉ የሚያደርገው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን እየጠየቀ ነው። የመጠየቂያው ቋንቋ ግን ከአንዱ ሲስተም ወደ ሌላው ይለያያል። ለዊንዶውስ የተጻፈ ጨዋታ አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ማይክሮሶፍት በ1995 ባወጣው ዳይሬክት ኤክስ በሚባለው ቋንቋ ነው። ሊኑክስ ደግሞ ይህን ቋንቋ አይሰማም።

እንግዲህ ጨዋታውን ወደ ሊኑክስ ለማምጣት ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው መንገድ ሶርስ ኮዱን፣ ማለት ፕሮግራም ጸሐፊዎቹ የጻፉትን ዋናውን ጽሑፍ ይዞ፣ ዊንዶውስን የሚጠይቀውን ቦታ ሁሉ እያነሡ በሊኑክስ መጠየቂያ መተካት ነው። ይህን ሥራ ባለሙያዎቹ ፖርት ማድረግ ይሉታል፤ እኔ ማሻገር ብየዋለሁ። ሁለተኛው መንገድ ጨዋታውን ሳይነኩ በመካከል አስተርጓሚ ፕሮግራም ማቆም ነው። የመጀመሪያው መጽሐፍን ከግእዝ ወደ አማርኛ እንደ መተርጐም ነው። ሁለተኛው ግን እንግዳው በገዛ ቋንቋው ሲናገር አጠገቡ ቆሞ የሚያስተረጕም ሰውን ይመስላል።

የማሻገር ሥራ ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ቢመስልም ብዙ ድካም አለበት። ለምሳሌ ያህል በዊንዶውስ ዘንድ በትልቁም ሆነ በትንሹ የላቲን ፊደል የተጻፈ የፋይል ስም አንድ ነው፤ በሊኑክስ ዘንድ ግን ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። በዚህ ምክንያት ጨዋታው በዊንዶውስ ላይ ያለ ችግር ያገኘውን ሥዕል በሊኑክስ ላይ «የለም» ብሎ ይቆማል። አሻጋሪው እንዲህ ያለውን ስሕተት አንድ በአንድ ማደን አለበት።

የሊኑክስ መወለድና የዱም መሻገር

ሊኑክስ የተወለደው በ1991 በፊንላንድ አገር ነው። በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ይማር የነበረው ሊኑስ ቶርቫልድስ ሥራውን ለዓለም ባስታወቀ ጊዜ ዕድሜው ገና 21 ዓመት ነበር፤ ይኸውም ከእኔ በሦስት ዓመት ብቻ ይበልጥ ነበር ማለት ነው። ከእርሱ አስቀድሞ በ1983 ሪቻርድ ስቶልማን የተባሉ አሜሪካዊ ጂኤንዩ የተባለውን ሥራ ጀምረው ነበር። የእርሳቸው ዓላማ ማንኛውም ሰው ፕሮግራምን እንደ ፈቀደ ሊሠራበት፣ ሊመረምረው፣ ሊያሻሽለውና ለሌላው ሊያካፍለው መብት እንዲኖረው ነው። ቶርቫልድስም በ1992 ሊኑክስን በዚሁ በጂኤንዩ ፈቃድ ሥር አደረገው። ከዚያ በኋላ ከየአገሩ ብዙ ሰዎች እየተባበሩ አሳደጉት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ይሁን እንጂ ሊኑክስ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የባለሙያዎች መሣሪያ እንጂ የመጫወቻ ስፍራ አልነበረም። ይህን ነገር ከለወጡት ሥራዎች አንዱ ኢድ ሶፍትዌር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በዲሴምበር 1993 ያወጣው ዱም የተባለ ጨዋታ ነው። በኩባንያው ይሠሩ የነበሩት ዴቭ ቴይለር በ1994 ዱምን ወደ ሊኑክስ አሻገሩት። ይህን ያደረጉት ትርፍ ይገኝበታል ብለው ሳይሆን ለሊኑክስ ከነበራቸው ፍቅር የተነሣ ነው። በኋላም በ1996 የወጣውን ኩዌክ የተባለውን ጨዋታ እንዲሁ አሻገሩ።

የዚህ ሥራ ዋጋ የታወቀው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነበር። በዲሴምበር 1997 የኩባንያው ዋና ፕሮግራም ጸሐፊ ጆን ካርማክ የዱምን ሶርስ ኮድ ለሕዝብ ለመስጠት በወሰኑ ጊዜ አንድ እንቅፋት ገጠማቸው። በዶስ ላይ የሚሠራው የመጀመሪያው ቅጂ ድምፅ የሚያሰማው የሌላ ሰው ንብረት በሆነ ላይብረሪ ስለ ነበረ እርሱን ማካፈል አይቻልም። የሊኑክሱ ቅጂ ግን ከዚህ ዕዳ ነጻ ነበር። ስለዚህ ለዓለም የተሰጠው የሊኑክሱ ሶርስ ኮድ ሆነ። በ1999 ደግሞ በጂኤንዩ ፈቃድ ሥር ገባ። ከዚያ ወዲህ ዱም ያልተሻገረበት የኮምፒዩተር ዓይነት አለ ለማለት ያስቸግራል። ገበያ የማያወጣ ተብሎ የታሰበው ልጅ ለቤተሰቡ ሁሉ ወራሽ ሆነ ማለት ነው።

የሎኪ መነሣትና መውደቅ

በ1998 ስኮት ድሬከር የተባሉ ቀድሞ የሕግ ጠበቃ የነበሩ ሰው በካሊፎርኒያ ሎኪ ሶፍትዌር የተባለ ኩባንያ አቋቋሙ። የኩባንያው ሥራ በዊንዶውስ ላይ የታወቁትን ጨዋታዎች ከባለቤቶቻቸው ፈቃድ እየገዛ ወደ ሊኑክስ ማሻገርና መሸጥ ነበር። በ1999 ሲቪላይዜሽን ኮል ቱ ፓወር የተባለውን ጨዋታ የመጀመሪያ ሥራው አድርጎ አወጣ። ከዚያም ሬልሮድ ታይኩን 2፣ ሂሮስ ኦፍ ማይት ኤንድ ማጂክ 3፣ ኩዌክ 3 አሬና፣ ሲምሲቲ 3000ና ሌሎችም ተከተሉ። በአጠቃላይ ወደ ሃያ የሚጠጉ ጨዋታዎች በእነዚህ ሰዎች እጅ ተሻገሩ።

ይሁን እንጂ የንግዱ ነገር አልሠመረም። ለፈቃዱ የሚከፈለው ገንዘብ ብዙ ሲሆን የሊኑክስ ተጠቃሚ ቍጥር ገና ጥቂት ነበር። ከዚህም ሌላ የተሻገረው ጨዋታ ወደ ገበያ የሚደርሰው የዊንዶውሱ ቅጂ ከወጣ ከብዙ ወራት በኋላ ስለ ነበረ፣ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ሁለቱንም ሲስተም የጫነ ሰው ጨዋታውን ቀደም ብሎ ለዊንዶውስ ገዝቶት ይቆይ ነበር። ነጋዴዎችም ነገሩን ከብት ባልዋለበት ኩበት ለቀማ አድርገው ቈጠሩት። ሎኪ በኦገስት 2001 ዕዳውን መክፈል እንዳልቻለ ለፍርድ ቤት አመለከተ፤ በጃኑዋሪ 2002 መጨረሻም በሩን ዘጋ።

ታዲያ ሎኪ ወድቆ ቀረ ልንል ይገባናልን? አይገባንም። የሎኪ ዋና ፕሮግራም ጸሐፊ የነበሩት ሳም ላንቲንጋ በ1998 ኤስዲኤል የተባለ ላይብረሪ መጻፍ ጀምረው ነበር። ኤስዲኤል በጨዋታውና በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ መካከል ቆሞ ሥዕሉንና ድምፁን፣ የቁልፍ ሰሌዳውንም ጉዳይ ያስተዳድራል። ጨዋታው የሚነጋገረው ከኤስዲኤል ጋር ብቻ ስለ ሆነ ከአንዱ ሲስተም ወደ ሌላው ለመሻገር የሚያስፈልገው ድካም እጅግ ይቀንሳል። ለድምፅ ደግሞ ኦፕን ኤኤል የተባለው መሣሪያ በዚሁ በሎኪ ቤት ተጀመረ። ሁለቱም በነጻ የተሰጡ ስለ ነበሩ ኩባንያው ሲዘጋ አብረው አልተቀበሩም። ዛሬም ብዙ ጨዋታዎች በኤስዲኤል ይሠራሉ።

የጥቂት ሰዎች ዘመን

ከሎኪ በኋላ ለአሥር ዓመት ያህል ሥራው በጥቂት ሰዎች ትከሻ ላይ ወደቀ። በእንግሊዝ አገር በ2001 የተቋቋመው ሊኑክስ ጌም ፐብሊሺንግ የተባለው ኩባንያ የሎኪን ፈለግ ለመከተል ሞከረ። ቀድሞ በሎኪ ይሠሩ የነበሩት ራያን ጎርደን አንሪል ቶርናመንት 2004 የተባለውን ጨዋታ ሲያሻግሩ የሊኑክሱ ቅጂ ከዊንዶውሱ ጋር በአንድ ካርቶን ውስጥ ተሸጠ። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር ቲሞቴ ቤሴ የተባሉት ፈረንሳዊ ዱም 3ን አሻገሩ።

በሜይ 2010 ደግሞ አንድ አስደናቂ ነገር ታየ። ሃምብል ኢንዲ በንድል በተባለው ሽያጭ የትናንሽ ኩባንያዎች ጨዋታዎች በአንድነት ቀረቡ፤ ሁሉም በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ላይ ይሠሩ ነበር። ዋጋውን የሚወስነው ገዢው ራሱ ሆነ። ከ1.2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ፤ ሒሳቡ ሲታይ የሊኑክስ ተጠቃሚዎች በአማካይ ከዊንዶውስ ተጠቃሚዎች የበለጠ ከፍለው ተገኙ። «የሊኑክስ ሰው ሁሉን ነገር በነጻ ይፈልጋል» ይባል የነበረው አነጋገር በዚህ ውድቅ ሆነ። ከጨዋታዎቹም የአራቱ ባለቤቶች ደስታቸውን ለመግለጽ ሶርስ ኮዳቸውን ለሕዝብ ሰጡ።

ከስድስት ወደ ሦስት መቶ ዐሥራ አምስት

እስከዚህ ዘመን ድረስ ችግሩ አንድ ነበር። ጨዋታ የለምና ተጫዋች ወደ ሊኑክስ አይመጣም፤ ተጫዋች የለምና ኩባንያዎች ጨዋታ አይሠሩም። ይህን ቋጠሮ መፍታት የጀመረው ስቲም የተባለው ታላቅ የጨዋታ መሸጫ ባለቤት የሆነው ቫልቭ ነው። የቫልቭ አለቃ ጌብ ኒዌል ቀድሞ ለ13 ዓመታት በማይክሮሶፍት የሠሩ ሰው ናቸው። በ2012 ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 8ን የራሱን መሸጫ ጨምሮ ሊያወጣ ባለ ጊዜ፣ በሰው ግቢ ውስጥ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ እንደሚሠጋ ሁሉ ኒዌልም ሠጉ። ስለዚህ ፊታቸውን ወደ ሊኑክስ መለሱ።

የቫልቭ ሠራተኞች ሌፍት 4 ዴድ 2 የተባለውን ጨዋታ ማሻገር በጀመሩ ጊዜ ጨዋታው በሊኑክስ ላይ በሴኮንድ የሚያሳየው 6 ሥዕል ብቻ ነበር። ይህ ደግሞ ለመጫወት ፈጽሞ አይበቃም። ነገር ግን ተስፋ አልቈረጡም። የጨዋታውን ሶርስ ኮድ እያሻሻሉ፣ ከግራፊክስ ካርድ ሠሪዎችም ጋር እየተመካከሩ ሠርተው በኦገስት 2012 ውጤቱን ሲያስታውቁ በሴኮንድ 315 ሥዕል ደረሰ። በዚያው ኮምፒዩተር ላይ ዊንዶውስ 7 ያሳየው 270.6 ነበር። በተማሩትም ትምህርት የዊንዶውሱን ቅጂ በኦፕን ጂኤል ሲያሠሩት እርሱም ወደ 303.4 ከፍ አለ። እንግዲህ ማሻገር የተሻገረበትን አገር ብቻ ሳይሆን የመነሻውንም አገር ይጠቅማል።

ስቲም ለሊኑክስ በፌብሩዋሪ 14 ቀን 2013 በይፋ ወጣ። በመጀመሪያ የተዘጋጀው ለኡቡንቱ ነበር፤ ኡቡንቱም በ2004 በደቡብ አፍሪካዊው በማርክ ሸትልዎርዝ የተጀመረና ስሙን ከአፍሪካ ቋንቋ ያገኘ የሊኑክስ ዓይነት መሆኑን ስናስብ ደስ ሊለን ይገባል። ከዚያ በኋላ የማሻገር ሥራ ወርቃማ ዘመን መጣ። በ2014 አስፓይር የተባለው ኩባንያ ሲቪላይዜሽን 5ን፣ የእንግሊዙ ፌራል ኢንተራክቲቭም ኤክስኮም ኢነሚ አንኖውን የተባለውን ጨዋታ አሻገሩ።

አስተርጓሚው ሲመጣ

ይሁን እንጂ ስቲም ማሽን የተባሉት በሊኑክስ የሚሠሩ የመጫወቻ ኮምፒዩተሮች በ2015 መጨረሻ ገበያ ላይ ሲውሉ ፈላጊ አጡ። የሊኑክስ ተጫዋቾችም በስቲም ላይ ለብዙ ዓመታት ከመቶ አንድ እጅ ገደማ ሆነው ቆዩ። ኩባንያዎች ጨዋታን አንድ በአንድ ማሻገር ወጪውን አይመልስም ወደ ማለት አዘነበሉ።

ቫልቭም ሁለተኛውን መንገድ ያዘ። ከ1993 ጀምሮ የዊንዶውስን ፕሮግራሞች በሊኑክስ ላይ ለማሠራት ብዙ ሰዎች የደከሙበት ዋይን የተባለ ነጻ ፕሮግራም ነበረ። ቫልቭ በእርሱ ላይ ተመሥርቶ በኦገስት 2018 ፕሮቶን የተባለውን አስተርጓሚ አወጣ። ፕሮቶን ጨዋታው በዳይሬክት ኤክስ የሚናገረውን በ2016 ወደ ወጣው ቫልካን ወደሚባለው ቋንቋ ይተረጕመዋል። በፌብሩዋሪ 2022 ደግሞ ስቲም ዴክ የተባለው በእጅ የሚያዝ የሊኑክስ መጫወቻ ሲወጣ ለዊንዶውስ ብቻ የተጻፉ ብዙ ሺህ ጨዋታዎች ማንም ሳያሻግራቸው ተሠሩበት።

ይህ ታላቅ ድል መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ከእርሱ ጋር አንድ ክርክር ተነሣ። አንዳንዶች «አስተርጓሚው ካለ ማሻገር ምን ይፈይዳል?» ይላሉ። በ2020 የሮኬት ሊግ ባለቤቶች ቀድሞ ያሻገሩትን የሊኑክስ ቅጂ ማገልገል በማቆማቸው የሊኑክስ ቅጂ በባለቤቱ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑ ታይቶ ነበር። ሌሎች ግን «በአስተርጓሚ ብቻ የሚኖር ሰው የገዛ ቋንቋው ይጠፋበታል፤ ጨዋታ ሠሪዎች ሁሉ ለዊንዶውስ ብቻ ከጻፉ ሊኑክስ ለዘለዓለም ሌላው የሚናገረውን እየጠበቀ ይኖራል» ብለው ይመልሳሉ።

የኔ አሳብ

እኔ በበኩሌ ይህን ታሪክ ስመረምር ከሁለቱም ክርክር የሚበልጥ አንድ ነገር አገኘሁ። ሎኪ ያሻገራቸውን ጨዋታዎች ዛሬ ለማሠራት ብዙ ችግር አለ። የሊኑክስ ላይብረሪዎች ተለውጠዋል፤ ድምፅ የሚያሰሙበትም የድሮው መንገድ በሌላ ተተክቷል። የአብዛኞቹ ሶርስ ኮድ የተዘጋ ስለ ሆነ ማንም እንደ ልቡ ሊጠግናቸው አይችልም። አንዳንድ ጊዜ የዚያው ጨዋታ የዊንዶውስ ቅጂ በአስተርጓሚ ሲሠራ ለሊኑክስ ተብሎ የተሠራው ግን አይነሣም። ዱምና ኩዌክ ግን ሶርስ ኮዳቸው ስለ ተሰጠ ከትውልድ ወደ ትውልድ እየታደሱ ይኖራሉ።

ሌላም ምስክር አለ። በ1996 መጀመሪያ፣ ሎኪ ገና ሳይታሰብ፣ በዴንማርክ በኦርሁስ ዩኒቨርሲቲ ይማሩ የነበሩ ሦስት ተማሪዎች ፍሪሲቭ የተባለ ጨዋታ ጽፈው ሶርስ ኮዱን ለዓለም ሰጡ። ፍሪሲቭ እንደ ሲቪላይዜሽን ሁሉ ሕዝብን ከትንሽ መንደር ተነሥቶ ወደ ሥልጣኔ የመምራት ጨዋታ ነው። በገንዘብ የተሻገረው የሎኪ ሲቪላይዜሽን በሙዚየም እንዳለ ዕቃ ሆኖ ሲቀር፣ በተማሪዎች እጅ የተወለደው ፍሪሲቭ ሌሎች ሰዎች እየተቀባበሉት እስከ ዛሬ ይሠራል። ስለዚህ አንድ ሥራ ዕድሜ የሚያገኘው በአሻጋሪው ብርታት ወይም በአስተርጓሚው ብልኀት ብቻ አይደለም፤ ከኋላ የሚመጣው ሰው ሊያነበውና ሊያድሰው ሲፈቀድለት ነው።

ይህን ካወቅሁ በኋላ በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ከክበባችን አባሎች ጋር ፍሪሲቭን በእነዚያ አሮጌ ኮምፒዩተሮች ላይ ጫንን፤ እርስ በርሳቸውም አገናኘናቸው። ከዚያ ያን የ9ኛ ክፍል ተማሪ ፈልጌ «ያን ጊዜ የመለስሁልህ መልስ ትክክል አልነበረም» አልሁት። በሚቀጥለው ዓርብ ከትምህርት በኋላ ሦስት ጓደኞቹን አስከትሎ መጣ። አሁን የሚጠይቀኝ ጥያቄ ሌላ ነው። «የከተማዎቹን ስም በአማርኛ መለወጥ ይቻላል?» አለኝ። እኔም ሶርስ ኮዱን ከፍቼ አሳየሁት። ያን ቀን ጨዋታው ተረስቶ እስኪመሽ ድረስ ስናነብ ቆየን።

መምህራንና ወላጆች ሆይ፤ ልጆች በጨዋታ ጊዜያቸውን ሁሉ እንዳያባክኑ መቈጣጠራችሁ ተገቢ ነው። ነገር ግን ልጁ «ይህ ነገር እንዴት ተሠራ?» ብሎ በጠየቀ ጊዜ በሩን አትዝጉበት። እናንተም ከእኛ በኋላ በዚህ ትምህርት ቤት የምትቀሩ ታናናሾቻችን፣ እነዚያን አሮጌ ኮምፒዩተሮች አደራ እንላችኋለን። የሄልሲንኪውም ሆኑ የኦርሁሶቹ ሰዎች ሥራቸውን ሲጀምሩ እንደ እናንተው ተማሪዎች ነበሩ።